አሥራ ሁለት ሰዓት ከአንድ ሰዓት ይቀድማል

እኔን የሚያውቁኝ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። ነገረኛ የሚሉኝና ነገረኛ ብለው እንዳይጠሩኝ የሚፈሩኝ። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ አልከራከርም። ተወልጄ ያደግኩት ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ኤረር በር አጠገብ ነው። እኛ ሰፈር ድምፁን የማያሰማ ሰው ውሃ ለመቅዳት እንኳ ተራው አይደርሰውም። ስሜ ነኢማ ይባላል። አሁን የማጫውታችሁ ነገር ሲደርስብኝ ሸዋ በር ገበያ የሞባይል ሽፋንና ቻርጀር እሸጥ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሱቁን ለጓደኛዬ አደራ ብዬ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ እማር ነበር።

ትምህርቱን ስጀምር ያልሳቀብኝ የለም። ጎረቤቴ ባለሱቁማ ደንበኛ በመጣ ቁጥር "ነኢማ ኮምፒዩተሩን ተሳድባ ልታሠራው ነው" ይል ነበር። እማ ብቻ አልሳቀችም። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት፣ ቀዳዳ ያለበት ነገር አትወድም። "ተማሪ፣ መማር ሐራም አይደለም" አለችኝና ወደ ሥራዋ ዞረች።

አስተማሪያችን ዳዊት ይባላል። ከግንቡ ውጪ፣ አዲሱ ከተማ ያደገ ጎበዝ ልጅ ነው። ዕድሜያችን ብዙ አይራራቅም፣ ግን ሁላችንም "ቲቸር" ነው የምንለው። ጎበዝ ያልኩት እውነቴን ነው፤ ክፋቱ ጎበዝ መሆኑን ከኛ ይልቅ እሱ አብዝቶ ማወቁ ነው። መጀመሪያ ያስተማረን ነገር ይሄ ነበር፦ ከኪቦርድ የሚገባ ነገር ሁሉ ለኮምፒዩተሩ ጽሑፍ ነው። አምስት ብትጽፉለት አምስት የሚባል ምልክት ያያል እንጂ ብዛቱን አያውቅም። አምስትንና ሦስትን ደምር ስትሉት አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጥና ሃምሳ ሦስት ይላችኋል። ስለዚህ ከመደመራችሁም፣ ከማወዳደራችሁም በፊት ጽሑፉን ወደ ቁጥር መቀየር አለባችሁ። "መጀመሪያ ቀይሩ!" ይላል ሰሌዳውን በመዳፉ እየመታ። የረሳ ተማሪ ካለ ክፍሉ ፊት ያሳፍረዋል። እኔን ደጋግሞ አሳፍሮኛል። አልረሳሁለትም።

በዚያው ሰሞን የእማ ዓይን ባሰበት። አንደኛው ዓይኗ ቀደም ብሎ በሞራ ተሸፍኖ ጨልሟል። የቀረው ደግሞ ደብዘዝ እያለ መጥቶ ሰው የምትለየው በድምፁ ሆነ። አንድ ቀን ደንበኛዋ ያመጣችላትን ጨርቅ በግልባጩ ሰፍታ ስታስረክብ አየኋት። ሴትየዋ አመስግና ተቀብላ ሄደች። እማ ግን ገብቷታል፤ ያን ዕለት የስፌት መኪናዋን በጨርቅ ሸፈነችና አልነካችውም።

ከዚያ የዓይን ሐኪሞች ከሌላ ከተማ ወደ ጤና ጣቢያው ሊመጡ ነው ተባለ። ለጥቂት ቀናት በነፃ ይመረምራሉ፣ ሞራ ያለበትን ያወጡለታል፣ ከዚያ ይሄዳሉ። መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። ለእማ ያለን ዕድል ይሄ ብቻ ነበር፤ ሌላ ቦታ ወስዶ ለማሳከም አቅሙ የለንም።

መጀመሪያዎቹ ቀናት ግርግር ነበሩ። ሰዉ በዋዜማው መጥቶ ወረፋ ላይ ድንጋይ ያስቀምጥና ቤቱ ሄዶ ይተኛል። ጠዋት ሲመለስ ድንጋዩ ሌላ ቦታ ተወርውሮ ያገኘዋል። "ያ ድንጋይ የኔ ነው" "አይደለም" ሲባባሉ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ተገፋፉ። እኔና እማ ሁለት ጊዜ ሄደን ሁለት ጊዜ ተመለስን። በዚህ የተነሳ ለመጨረሻው የምርመራ ቀን አዲስ አሠራር ወጣ። ዘበኛው በር ላይ ቆሞ ለሚመጣው ሰው ሁሉ ስሙንና የመጣበትን ሰዓት በትንሽ ካርድ ላይ ጽፎ ይሰጣል። ካርዱን በሁለት መስኮት የተቀመጡ ልጆች ወደ ኮምፒዩተር ያስገቡታል። ኮምፒዩተሩ ደግሞ በመጡበት ሰዓት ደርድሮ ተራ ያወጣል። ማን ቀድሞ መጣ የሚል ጭቅጭቅ ቀረ ማለት ነው። ይህን ፕሮግራም በአንድ ምሽት ሠርቶ የሰጣቸው የኛው ቲቸር ዳዊት ነበር። ሰው ምስጋና ሲገባው ማመስገን ነው፤ ሐሳቡ ጥሩ ነበር።

የመጨረሻው ቀን የንጋቱን ሱብሒ ሰግደን ወዲያው ባጃጅ ያዝን። ስንደርስ ገና ሊነጋጋ ሲል ነው። ዘበኛው የእጅ ሰዓቱን በባትሪ አብርቶ አየና የእማ ካርድ ላይ 12:10 ብሎ ጻፈ። ከኛ በፊት የነበሩት ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከፊታችን ከገጠር የመጡ አደም የሚባሉ ሽማግሌ ከባለቤታቸው ጋር ተቀምጠዋል። ሁለት ዓይናቸውም ተሸፍኗል፣ ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው ነው የሚመሯቸው። ካርዳቸው 11:40 ይላል። እማና እሳቸው ወዲያው ተግባቡ። እሳቸው ጫታቸውን ያበላሸባቸውን በሽታ ያወራሉ፣ እማ ስለ ልብስ ትመልሳለች፤ ብቻ ሁለቱም ደስ ብሏቸዋል። "ዛሬማ ቀድመናል፣ አልሐምዱሊላህ" አሉ አባባ አደም።

በሩ ሁለት ሰዓት ላይ ተከፈተ። ስም የምትጠራው ሲስተር አልማዝ ነበረች፤ ከወረቀት ላይ እያየች ትጠራለች። መጀመሪያ የተጠራችው ልጅ ከኛ በኋላ፣ ፀሐይ ከወጣች ወዲያ ስትመጣ ያየኋት ናት። እማን ስነግራት "ሕመሟ የጠና ይሆናል፣ ተያት" አለችኝ። ተውኳት። ቀጥሎም ከኛ በኋላ የመጣ ሰው ተጠራ። ቀጥሎም። ቁርሱን በልቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ ጥርሱን እየፋቀ የመጣ ጎረምሳ እናቱን ይዞ ሲገባ ግን መቀመጥ አቃተኝ።

"ሲስተር፣ እኛ እኮ ጎህ ሳይቀድ ነው የመጣነው" አልኳት።

ሲስተር አልማዝ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ደክሟታል። ወረቀቱን አዙራ አሳየችኝ። የእማ ስም ከታች፣ መጨረሻው አካባቢ ነው። የአባባ አደም ከሷ ትንሽ ከፍ ብሎ። በጠዋት የመጣን ሰዎች ሁላችንም እዚያው ታች ተከማችተናል። "እኔ አላወጣሁትም እህቴ፣ ኮምፒዩተሩ ነው ያወጣው። ኮምፒዩተር ደግሞ ዘመድ የለውም" አለችኝ።

አቦ! በዚያች ደቂቃ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ቲቸር ዳዊት መቀየር ረስቷል ብዬ ነዋ! ሰዓቱን ጽሑፍ አድርጎ ትቶት ነው፣ ምልክቱን እያየ ደርድሮት ነው፣ ቀን በቀን እኛን የሚያሳፍርበትን ስህተት ራሱ ሠርቶታል። ክንፍ አውጥቼ ወደ ውስጥ ገባሁ። ዳዊት ላፕቶፑን ይዞ ከፕሪንተሩ አጠገብ ተቀምጧል። "ቲቸር፣ ወደ ቁጥር ሳትቀይረው ቀረህ አይደል?" አልኩት፣ ሰው እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። ላፕቶፑን ወደኔ አዞረው። የኮዱን መስመር በጣቱ እያሳየ፣ ሰዓቱን ለብቻ፣ ደቂቃውን ለብቻ ቆርጦ ሁለቱንም ወደ ቁጥር እንደቀየራቸው አስረዳኝ። ካስተማረን አንድም ነገር አልጎደለም። "አንቺ የምትረሺውን እኔም የምረሳ መሰለሽ? ቁጥር ነው፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ ነው፣ አለቀ" አለኝ። ከጎኑ የነበሩት ልጆች ሳቁ። ኮዱን ደግሜ አየሁት፣ እንከን የለውም። ጆሮዬ እየጋለ ወጣሁ።

ፀሐዩ በረታ። ስድስት ሰዓት አለፈ። አባባ አደም ባለቤታቸው ጆሯቸው ላይ የሆነ ነገር ካሏቸው በኋላ ተነሡ። ወደ አገራቸው የሚሄደው መኪና ካመለጣቸው ከተማ ውስጥ የሚያድሩበት ዘመድ የላቸውም። ለመንኳቸው። ትንሽ ይታገሡ፣ እኔ እጠይቃለሁ አልኳቸው። እሳቸው በዱላቸው መሬቱን እየዳሰሱ፣ "ልጄ፣ ቀድሜ መጥቼ መጨረሻ ነህ ከተባልኩ ከአላህ ነው። ማሽኑ ምን ጠላት አለው?" አሉኝ። እማን መርቀው ሄዱ። በጠዋት ከመጡት ሌሎችም እየተነሡ፣ ቀሚሳቸውን እያራገፉ መውጣት ጀመሩ።

እማም ከቤት ይዛት የመጣችውን ዱካ፣ ትንሿን በርጩማ፣ አንሥታ ያዘች። "ነይ እንሂድ ነኢማ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" አለችኝ።

"እንጀራም አይገባበትም እማ፣ ተቀመጪ" አልኳት። እንዲህ መልሼላት አላውቅም። ግን ቤት ብንሄድ ምን እንደሚጠብቃት አውቃለሁ፤ የተሸፈነው መኪናዋ ነው የሚጠብቃት። ከዚያ ጨለማው። ቁጭ አለች፣ ተቀየመችኝ።

ቅያሜዋ ሳይወጣላት፣ "እስቲ ካርዱን አንብቢልኝ" አለች።

"አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር።"

"አሁን የገባችውስ ሴትዮ?"

ሴትየዋ ስትገባ ካርዷን አይቼው ነበር። "ሦስት ሰዓት ከሃያ" አልኳት።

"እና? ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት የሚሆነው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው?" አለችኝ። ልትነዘንዘኝ ነበር፣ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። እኔ ግን ከመቀመጫዬ ዘልዬ ተነሣሁ።

ገባችሁ? አሥራ ሁለት ከሦስት ይበልጣል። ቁጥር ነዋ! ዳዊት ጽሑፉን በደንብ አድርጎ ወደ ቁጥር ቀይሮታል። ቁጥር ሲሆን ግን ሰዓትነቱ ከላዩ ላይ ወደቀ። ለኮምፒዩተሩ አንድ ትንሽ ነው፣ አሥራ ሁለት ትልቅ ነው፣ አለቀ። ለኛ አገር ሰው ግን ቀኑ የሚጀምረው በአሥራ ሁለት ነው። አሥራ አንድ ይቀድማል፣ አሥራ ሁለት ይከተላል፣ ከዚያ ነው አንድ የሚባለው። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ማሽኑ ግን ማንም አልነገረውም። ቀድሞ የመጣ ሁሉ በመቅደሙ ተቀጣ።

ሁለተኛ ስገባ ዳዊት ገና ሲያየኝ ተነፈሰ። ነገርኩት። በአንዴ ገባው፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ግን ሽንፈት ከጉሮሮው አልወርድ አለው። "ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር መመዝገብ ነበረበት። ስህተቱ የዘበኛው ነው፣ የኮዱ አይደለም" አለኝ።

ይሄኔ ደሜ ፈላ። "ዘበኛው ምን አጠፋ? ሐረር ላይ ሱብሒ ሰግዶ የመጣ ሰው ሰዓቱን በፈረንጅ ይናገራል? አንተስ ጠዋት ስትነሣ በማን ሰዓት ነው የተነሣኸው? ሕዝቡን ወደ ማሽንህ ከምትቀይር ማሽንህን ወደ ሕዝቡ ቀይር!"

ሲስተር አልማዝ በር ላይ ቆማ ትሰማለች። ከኋላዋ ተራቸውን የሚጠብቁ ሰዎች አንገታቸውን አስግገዋል። ከመካከላቸው አንዱ፣ "እናቷን በጓሮ ልታስገባ ነው" አለ። ሌላውም ተቀበለው። ዳዊትም ይህን ሲሰማ በረታ። "ነገሩ እሱ ነው? ተራ አስቀይረሽ እናትሽን ልታስቀድሚ ነው?" አለኝ።

በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤያለሁ፣ እንደዚህ ያመመኝ ግን የለም። እኔ ተራ ልሰርቅ! የተሰረቅሁት እኔ! ከአፌ የወጣውን ግን ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል። "የእናቴን ስም እመጨረሻው ላይ ተወው። ዛሬ ሳትታይ ትቅር። የሌሎቹን ግን አሁኑኑ አስተካክል" አልኩት።

እማ ውጭ ዱካ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗን እንደሸጥኩባት አታውቅም። ቃሌን ልመልሰው አልችልም። መልሼ ብውጠው ሰዎቹ ያሉት እውነት ይሆናል። ቆሜ ዳዊትን አየሁት። እሱም አየኝ። ወላሂ፣ ያኔ ቢስቅ ኖሮ ላፕቶፑን እወረውረው ነበር።

አልሳቀም። በመካከላችን የገባችው ሲስተር አልማዝ ናት። "ማንም እመጨረሻው አይደረግም። ሁሉም እንደመጣበት ይግባ። ዳዊት፣ አስተካክለው" አለችና በሩ ላይ ለተሰበሰቡት ደግሞ ዞራ፣ "ማነው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እዚህ የነበረ? እጁን ያውጣ" አለች። አንድም እጅ አልወጣም።

ማስተካከሉ ሻይ አፍልቶ የመጠጣት ያህል ጊዜ አልፈጀም። ምዝገባው አራት ሰዓት ላይ ስለተዘጋ ከአሥር ሰዓት በላይ የሚል ካርድ ሁሉ የጎህ ነው ማለት ነው። ከነዚህ ላይ አሥራ ሁለት ይቀነሳል። አሥራ ሁለት ሰዓት ዜሮ ይሆናል፣ አሥራ አንድ ደግሞ ከዜሮ በታች። ዳዊት ሁለት መስመር ጨመረ። ፕሪንተሩ አዲስ ወረቀት አወጣ። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ የሚያያቸው ጥቂት ሰዎች ብቻ እንደሆኑ አስቀድሞ ተናግሯል።

ሲስተር አልማዝ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። የመጀመሪያውን ስም ጠራች። "አደም!"

ማንም አልመለሰም።

ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችው። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሦስተኛ ስትጠራ እማ በተቀመጠችበት ሆና፣ "ሄደዋል" አለች። ቀጥሎ የተጠራችውም ሴት ሄዳለች። ከዚያ የእማ ስም መጣ። ክንዷን ይዤ ላስገባት ስል እጄን አስለቀቀችኝ። "እኔን ሲስተሯ ትያዘኝ። አንቺ ሩጪና ሽማግሌውን አምጪ" አለችኝ።

በባጃጅ መኪኖቹ ከሚነሡበት ሸዋ በር ደረስኩ። የሚኒባሶቹን መስኮት አንድ በአንድ እያንኳኳሁ አባባ አደም ብዬ ጮኽኩ። ሻጮቹ ያውቁኛልና "ነኢማ ማንን ልትደበድቢ ነው?" ይላሉ። አንዱን ረዳት ዓይናቸው የማያይ ሽማግሌ ከባለቤታቸው ጋር አይቶ እንደሆነ ጠየቅሁት። ቀድሞ በወጣው መኪና ሄደዋል አለኝ። የማን ልጅ እንደሆኑ፣ ስልክ እንዳላቸው አላውቅም። ካርዱ ላይ የነበረው ስማቸውና ሰዓታቸው ብቻ ነው። እዚያው ገበያው መሃል ቆሜ አለቀስኩ። የገበያ ሰው ሲያየኝ ማልቀስ አልወድም፣ ግን አለቀስኩ።

እማ በማግሥቱ ጠዋት፣ ሐኪሞቹ ከመሄዳቸው በፊት፣ ሞራው ወጣላት። ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ ያየችው ጫማዬን ነው። "ይህን ይዘሽ ነው ሰው ፊት የምትቆሚው?" አለችኝ። ያን ዕለት ስድቧ እንደ ምርቃት ነው የገባኝ። አሁን መኪናዋ ተገልጧል፣ ትሰፋለች፣ ትነዘንዘኛለች።

ዳዊት ይቅርታ አልጠየቀኝም። በቀጣዩ ክፍል ግን ሰሌዳው ላይ "ከመቀየራችሁ በፊት የማን አቆጣጠር ነው ብላችሁ ጠይቁ" ብሎ ጻፈና የራሱ ሐሳብ አስመስሎ አስተማረው። እጄን አውጥቼ፣ "ቲቸር፣ ይህን ከየት አገኘኸው?" አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሱም ሳይወድ በግዱ ሳቀ፤ ከዚያ ወዲህ ተከባብረን እንኖራለን። እኔም ዛሬ ለሱቆችና ለመጋዘኖች ትንንሽ ፕሮግራም እሠራለሁ። ባለጉዳዩን ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ሰዓትን፣ ቀንን፣ ክብደትን ቤቱ ውስጥ እንዴት እንደሚጠራ ነው። አንዳንዱ ይሰለቻል። ይሰልች።

አባባ አደምን ግን አላገኘኋቸውም። ወደዚያ አቅጣጫ ለሚሄድ ሾፌር ሁሉ መልእክት ሰጥቻለሁ፤ አደም የሚባል ሽማግሌ በዚያ አገር ስንት እንዳለ አላህ ያውቃል። ሳይታዩ የቀሩት ኮድ ስለተበላሸ ብቻ አይደለም፤ ቀድመው ሳሉ መጨረሻ ነህ ሲባሉ አምነው ስለሄዱ ነው። እሳቸውን አልወቅስም። ድካም ነው፣ የመኪና ሰዓት ነው፣ እምነት ነው። የምወቅሰው "ኮምፒዩተሩ ነው ያለው" ብለን አፋችንን የዘጋነውን ሁላችንን ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ነገ አንድ መስኮት ፊት ቆማችሁ ማሽኑ እንዲህ ይላል ትባላላችሁ። መባላችሁ አይቀርም። ማሽኑ ሰው ያስገባለትን ነው የሚለው። ማን አስገባው፣ በማን አቆጣጠር አስገባው ብላችሁ ጠይቁ። ካልመለሱላችሁ ደግማችሁ ጠይቁ፣ ቢሳቅባችሁም ጠይቁ፣ ሌባ ቢሏችሁም ጠይቁ። ብቻ ቀድማችሁ መጥታችሁ ተነሥታችሁ አትሂዱ። ስማችሁ ሲጠራ እዚያ ሁኑ።